ፊሽካ የሌለበት ሜዳ

«እማ፣ ዳኛ ከሌለ ኳሷ መውጣቷን የሚናገረው ማነው?» ብሎ ነበር አንድ ቀን ዮዳሄ የጠየቃት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መካኒሳ፣ በተከራዩዋት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አቧራው እስከ ጉልበቱ አልብሶት፣ አንዱን ጫማ በእጁ ይዞ። እሷ የሰው አንሶላ እየጨመቀች ነበርና ቀና እንኳ ሳትል «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ኳሱ የእናንተ» አለችው። እሱ ግን አልሄደም። «ኮች ምን አለን መሰለሽ? መጨረሻ የነካት ልጅ ራሱ እጁን ያወጣል አለን። ማንም ባያየውም።» ኤሌኒ ሳቀች፤ «እንዲያ ከሆነማ ማን ሞኝ ያወጣል?» አለች። ልጁ አልሳቀም። «እኔ ዛሬ አወጣሁ» አለና ጫማውን እያራገፈ ገባ።

ያ ሳቋ ነው ዛሬ እንቅልፍ የነሳት። ቤይሩት ነች፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ አልጋዋ ከገባ በሩ በቅጡ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ። ቀትር ነው። ፀሐይ በመጋረጃው ስር ሾልካ እግሯ ላይ ወጥታለች፣ ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እየዞረ አልጋዋን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌሊቱን ሁሉ የማዳምን እናት፣ ቤተሰቡ ቴታ የሚሏትን አሮጊት፣ ስታገላብጥና ውሃ ስታጠጣ ስለምታድር የእሷ መኝታ ይሄ ቀትር ነው፣ ሌላ የላትም፣ አሁን ካልተኛች ማታ ወንበር ላይ ሆና ታንጎላጃለች፣ ማዳም ደግሞ እሱን አይታ ዝም አትልም። ግን እንዴት ትተኛ? ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልክ ይደወልላታል፣ አንድ ጥያቄ ትጠየቃለች፣ መልሱ ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም። የልጇ ዕድሜ። ዮዳሄ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። እሷ በይ እየተባለች ያለችው አስራ አራት ነው።

እንግዳ የሚባለው ደላላ፣ ራሱን ግን «አገናኝ» እንጂ ደላላ የማይል ሰው፣ ዛሬ ማለዳ ገና ከቴታ ክፍል ስትወጣ ነበር የደወለው።

«እህት ኤሌኒ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ጸሎትሽ ተሰምቷል! የኳስ አካዳሚው መልማይ ልጁን አይቶ አበደ በይው። ያን ሁሉ ልጅ አሰልፎ አየ፣ ጣቱን የቀሰረው ግን ያንቺ ላይ ነው።»

«ጌታ ይመስገን። ታዲያ አሁን ምን ቀረ?»

«ምን ይቀራል? የሚፈልጉት ከአስራ አምስት በታች ነው። የልደት ወረቀቱን እኔ ጨርሻለሁ፣ እሱ አያሳስብሽ። ያስቸገረን ያ ሽማግሌ ነው።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ኮች ኮርሳ ነዋ! ልጁ አስራ ሰባት ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ እኮ አይገባኝም፣ የገዛ ልጆቹ ሲያልፍላቸው ያመዋል እንዴ? መልማዩም ግራ ገባው፤ ወረቀትማ ማንም ያመጣል፣ እናቱን አገናኙኝና በሁላችን ፊት ትናገር አለ። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት፣ እዚያው ሜዳው ላይ፣ በስፒከር ነው። እሱም፣ ኮርሳም፣ ልጁም ባሉበት። እናት ከተናገረች አሰልጣኝ ማነው? ያማጥሽው አንቺ፣ እሱ አላማጠ!» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የተከፈተ በር ነው እህቴ። ጌታ የከፈተውን በገዛ አፍሽ እንዳትዘጊው።»

የተከፈተ በር። ይቺ ቃል ናት ልቧ ውስጥ ገብታ የምትፈታተናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ተንበርክካ የለመነችው ሌላ ምን ሆኖ ነው? ልጄን የሚይዝ እጅ ስጠው ነው ያለችው፣ ትምህርቱም ምግቡም አልጋውም ተይዞለት ካየሁ እኔም ፓስፖርቴን ስጡኝ ብዬ ወደ አገሬ እገባለሁ፣ ከዚህ ማሽን ጎን እነሳለሁ ነው ያለችው። ታዲያ መልሱ ሲመጣ በእንግዳ አፍ መጣ ብላ ልታማርጥ ነው? ደግሞ ማን ይጎዳል? ማንም። አንድ ሰው ብቻ። ኮርሳ፣ በልጆቹ ፊት፣ ውሸታም ተብሎ ይቆማል።

ኮርሳ ሽማግሌ እንኳ አይደለም፣ ጠጉሩ ነው ቀድሞ የከዳው። ጎፋ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ በላይ ያለችው ሜዳ ላይ ታገኘዋለህ፣ ሜዳዋም ሜዳ ከተባለች ነው፤ ወዲህ አጥር፣ ወዲያ ቁልቁለት፣ ኳስ ከወጣች ቁልቁል እየነጠረች ወንዝ ዳር ድረስ ነው የምትሄደው። ፊሽካ የለውም። ኳሷ ስትወጣ መጨረሻ የነካት ልጅ እጁን ያወጣል፤ እጁን ያወጣ ደግሞ ወርዶ የሚያመጣት ራሱ ነው። ስለዚህ ማንም እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት የለም፣ እሷም ለዚህ ነው የሳቀችው። አንድ ነገር ግን አላወቀችም ነበር፣ ዮዳሄ ቆይቶ ነው የነገራት፤ እጁን ያወጣው ልጅ ብቻውን አይወርድም። ኮርሳ ያችን የታመመች ጉልበቱን እየጎተተ አብሮት ይወርዳል። ሌሎቹ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እነሱ ግን ኳሷን ይዘው ሽቅብ ሲመጡ ቀስ ብለው እያወሩ ነው። «ምን ይልሃል ታዲያ?» ብላ ጠየቀችው። «ምንም። ምን በላህ ይለኛል። ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጠው ይለኛል።» አባት ለማያውቅ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባትም፣ አሁን እዚህ ተጋድማ ይገባታል፤ ልጆቹ ኳሷ ብትወጣ ብትወጣ አይጠሉም ነበር።

ከዚያ ሜዳ የወጡትን ሰፈሩ «እጅ አውጪዎች» ይላቸዋል፣ ያሾፍባቸዋል። እህቷ ሩቲ፣ ልጁ አብሯት የሚኖረው እህቷ፣ ባለፈው በስልክ እየሳቀች የአህመድን ነገረቻት፤ አህመድ ዛሬ ሚኒባስ ነጂ ነው፣ ሁለት ልጆች ወልዷል፣ ኮርሳ ጋ ኳስ ካቆመ ስንት ዘመኑ። እና መካኒሳ ጠባቡ መንገድ ላይ የቆመች መኪና መስታወት ገጭቶ ሰበረ፣ ባለቤቱ የለ፣ ያየ የለ፣ ተሳፋሪው «ሂድ እንጂ አንተ፣ ቢሮ ልንገባ ነው!» እያለ ይጮህበታል፣ እሱ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ተቀመጠ። «ማን አየህና ነው?» ይሉታል። «ኮች» አለ። ኮርሳ እኮ ጎፋ ነበር። ሩቲ ሳቋን መጨረስ አልቻለችም፣ ኤሌኒም ሳቀች፣ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አለቀሰች።

ታውቃለች እንጂ። ያን ቀን ታስታውሳለች፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን፣ የግቢው ተከራይ ሁሉ ጄሪካኑን የሚደረድርበት። ቧንቧውን ከፍታ የተወችው እሷ ነች፣ ሞልታ ሄደች፣ መዝጋቷን ረሳች፣ ያ ሁሉ ውሃ ግቢውን ጭቃ አደረገው። አከራያቸው ጋሽ በንቲ ወጥተው «ማነው ይሄን ያደረገው? ማነው?» እያሉ በር በበር ሲዞሩ እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች «እኛ አይደለንም ጋሽ በንቲ፣ እኛ አሁን ከጉባኤ መመለሳችን ነው» አለች። ጉባኤውን ጨመረችበት። ከኋላዋ ዮዳሄ ቆሟል። የጋሽ በንቲ ዓይን ከእሷ አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ አየችና ዞር አለች፤ ልጁ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አውጥቷል። ክንዱን ጎትታ አወረደችው፣ ነጠላዋ ስር ያዘችው፣ «ልጅ እኮ ነው፣ ጨዋታ መስሎት ነው» ብላ ፈገግ አለች። በኋላ ቤት ገብተው «ምን ልሁን ብለህ ነው? አንተ መች ነካኸው?» ስትለው ተቀምጦ የጫማውን ክር እየፈታ «አንቺ ስላላወጣሽ ነዋ» አለ። ይኸው ነው። አልተቆጣም፣ አልከሰሳትም። የዚያ ክንድ ሙቀት አሁንም መዳፏ ውስጥ አለ፣ ትንሽ አጥንት፣ ወደ ላይ መሄድ የሚፈልግ።

ማሽኑ ፍጥነት ጨመረ፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ትገላበጣለች። ከማዳም መኝታ ቤት፣ ማዳም ከቆለፈችበት መሳቢያ ውስጥ፣ ፓስፖርቷ የሚያያት ይመስላታል። ከአገር ስትወጣ ያስወጣት ሰውም እንደ እንግዳ ጥሩ ምላስ ነበረው፤ «እዚያ ወጣት ነው የሚወዱት፣ ትንሽ እንቀንስልሽ» ብሎ ዘጠኝ ዓመት ቆረጠላት፣ እሷም አመሰገነችው፣ እንደ ስጦታ ቆጠረችው። ማዳም ስልኳ ላይ የዮዳሄን ፎቶ አይታ «ይሄ ማነው?» ስትላት ነው የገባት። በወረቀቷ ሒሳብ ከሄዱ እሷ ራሷ ልጅ ሆና ነው የወለደችው፤ አይሆንም። ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ። «ወንድሜ ነው» አለች ኤሌኒ። አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሟ ነው። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፣ በየዓመቱ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቀን ኬክ ትገዛላታለች፣ ማንም ባልተወለደበት ቀን ሻማ ታስነፋታለች፣ «ወንድምሽ ደወለ?» ትላታለች። ዮዳሄም ለመደው፤ ሲደውል መጀመሪያ «አለች?» ይላል፣ አለች ካለችው «ኤሌኒ» ብሎ በስሟ ይጠራታል፣ እማ የምትለዋን ቃል ማዳም ታውቃታለችና። የገዛ ልጇ፣ ኤሌኒ እያለ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ እንደ ጎረቤት። ያኔ ማንም አልነገራትም፣ ዓመት ብቻውን አይቆረጥም፣ በውስጡ የነበረው ሰው አብሮ ይወጣል።

ከዮዳሄ ላይ ሦስት ዓመት ቢቆረጥ ምን ይወጣል? ትቆጥራለች፣ መቁጠር አትፈልግም፣ ትቆጥራለች። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ጊዜ ኮርሳ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰው፣ እሷ በሦስተኛው ቀን ነው የሰማችው። ትምህርት አልሄድም ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ጊዜ፣ ሩቲ አልቅሳ ለምና ያቃታት ጊዜ፣ ኮርሳ በየማለዳው ወደ ሥራው ሲሄድ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ ሳይናገር፣ ልጁ ቦርሳውን ይዞ እስኪወጣ የጠበቀው። ድምፁ የጎረነነ ጊዜ። ደውሎ «ሃሎ» ሲላት «ማን ልበል? እባክህ ዮዳሄን አቅርብልኝ» ያለችው። «እኔ ነኝ እኮ እማ» አለ፣ ሁለቱም ሳቁ። ጢሙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደሚላጭ ያሳየው ማነው? እሷ አይደለችም። እነዚያ ዓመታት ከወረቀቱ ከወጡ ኮርሳ ይወጣል። እሷ የነበረችባቸውን ዓመታት ማንም አይነካም። ሌላው ሰው ባሳደገበት ላይ ነው መቀሱ የሚያርፈው፣ መቀሱንም የምትይዘው እሷ ነች።

እና ልጁስ? ልጁ ምን ይፈልጋል? ልትተኛ ስትል ደውሎ ነበር።

«እማ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። በላህ?»

«በልቻለሁ። ነገ ይደውላሉ አይደል?»

«ነግረውኛል።»

«እማ፣ እነሱ ጋ ሜዳው ሳር ነው አሉ። በረዥሙ ሳር። ኳሷ ብትወጣ እንኳ የትም አትሄድም፣ መረብ አለ።» ሳቅ ሞከረ። «ታኬታ ራሱ እዚያው ነው የሚሰጡት።»

«ኮርሳስ ምን አለህ?»

«ምንም። ማለት ያወራኛል፣ ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እንግዳ ነው፣ አንተ አፍህን ዝጋ፣ እናትህ ትናገራለች ያለኝ።» ከጀርባው የታክሲ ረዳት «ጎፋ፣ ጎፋ፣ ጎፋ!» ይላል፣ ያ ድምፅ ልቧን ቦጨቃት። «እማ፣ አንቺ ያልሽውን እኔም እላለሁ። አስራ አራት ካልሽ አስራ አራት ነኝ።»

ልመና ነበረበት። እርግጠኛ ነች። ግን በይልኝ ነው ወይስ አትበይ? ድምፁን ደጋግማ በልቧ ትሰማዋለች፣ አንዴ ሳሩን የሚለምን ልጅ ነው፣ አንዴ ክንዴን ለቀቅ አድርጊኝ የሚል ልጅ ነው፣ ልጇን ታውቀው እንደሆነ አታውቅም፣ ስድስት ዓመት በስልክ ያሳደገችውን ልጅ በምን ትወቀው። አስራ ሰባት ካለች ሳሩ ይቀራል፣ ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሚኒባስ መስኮት ላይ ተደግፎ ያቺን አንዲት ቃሏን ያስባል። እናቴ ነች ያስቀረችኝ ይላል። አስራ አራት ካለች ደግሞ ይሄዳል፣ ሳሩ ላይ ይሮጣል፣ ማንም ባላየው ቦታ ኳሷን ሲነካት እጁ ግን ወደ ላይ አይሄድም፤ ለሁለተኛ ጊዜ የጎተተችው እሷ ነች።

የሚከፋው ኮርሳም መደወሉ ነው። እንግዳ ከደወለ ከትንሽ በኋላ ቁጥሩን ስታይ ሊለምነኝ ነው አለች፣ ወይ ሊገስጸኝ ነው፣ መልሷን አዘጋጀች፤ አንተ ምን ቸገረህ ልትለው፣ የአንተ ልጅ ቢሆንስ ልትለው።

«የዮዳሄ እናት፣ ደህና ነሽ? ሥራ አስፈታሁሽ?»

«የለም ጋሽ ኮርሳ፣ ደህና ነኝ።»

«ግራ እግሩን ማመን ጀምሯል። እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ትናንት በግራ መታ፣ ሳያስብ።»

ልመናውን ጠበቀች።

«ሌላስ ጋሽ ኮርሳ?»

«ሌላ? ሌላ የለም። ክረምቱ ሜዳችንን ጭቃ አድርጓታል። አንቺ ምሳ በልተሻል?»

ምሳ በልተሻል። ይኸው ነው ያላት። ቢለምናት በገላገላት፣ ቢቆጣት በተቆጣችው። እሱ ግን ያንን ቁልቁለት አብሯት የወረደ መሰላት፣ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ምንም ሳይላት፣ ኳሷ የት እንዳለች እያወቀ። አሁን ተጋድማ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ንገረኝ» ትላለች፣ በሩን የከፈትከው አንተ ከሆንህ ለምን በውሸት ብቻ ነው የሚያስገባው? ማሽኑ በድንገት ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሷን ልብ ብቻ ትሰማለች፣ ሌላ ምልክት አልመጣላትም፣ ማዳምም ከሳሎን «ሌኒ! ልብሱ አልቋል!» ብላ ተጣራች። ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ዱባ መሰል ትልቅ ቲማቲም እየከተፈች ነው፣ የማዳም የግድግዳ ሰዓት አስር ይላል፣ የእሷ አራት። ስልኩ ማብሰያው አጠገብ ተንቀጠቀጠ። አነሳችው፣ ንፋስ ሰማች፣ የልጆች ጫጫታ፣ ከዚያ የእንግዳ ድምፅ፤ «እህት ኤሌኒ! ሁላችንም ይኸው አለን!» ሌላ ድምፅ ተከተለ፣ ትሑት፣ የቸኮለ። «እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አጭር ጥያቄ ነው። ልጅዎ ዮዳሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

ከስልኩ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኮርሳ ነው። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ስልኩን በግራ እጇ ይዛለች። ቀኟ ባዶ ሆነ። ባዶው እጇ፣ የቲማቲም ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ ወደ ላይ ሄደ።

«አስራ ሰባት» አለች። «ሰኔ ላይ አስራ ሰባት ሞላው።»

«እህቴ፣ እህቴ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» አለ እንግዳ፣ «በደንብ አስቢና…»

«አይቆራረጥም፣ ይሰማኛል። ወረቀቱን እኔም አላወጣሁት፣ ልጁም አላወጣው። ልክ የተናገረው አሰልጣኙ ነው።»

ከዚያ ያ የቸኮለው ሰው «እሺ እናቴ፣ ይቅርታ፣ እንግዲህ በዚህ ምድብ አይሆንም» አለ፣ እንግዳ አንድ ነገር ተራገመ፣ እግሮች ራቁ። ከዚያ ዮዳሄ «እማ!» ብሎ ጮኸ፣ ኩሽናው እስኪያስተጋባ፣ ማን አለ ብሎ ሳይጠይቅ። ቁጣ ይሁን ለቅሶ ይሁን ሌላ ነገር አልለየችውም። ከኋላው የኮርሳ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሁልጊዜው። «ና በል፣ እንውረድ» አለው። ስልኩ ተዘጋ።

ማዳም የኩሽናው በር ላይ ቆማለች፣ በሌሊት ልብሷ፣ የቡና ስኒዋን ይዛ። የኤሌኒን የተዘረጋ ክንድ አየች፣ ጣሪያውን አየች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት በዓረብኛ። «ደግሞ ማነው ማማ እያለ የሚጮኸው? ወንድምሽ ነው?»

«ወንድሜ አይደለም ማዳም» አለች ኤሌኒ። ቃሉን ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር፣ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ስትለው ኖራለች፣ ለራሷ ልጅ ብቻ ብላው አታውቅም። «ኢብኒ። ልጄ ነው።»

የማዳም ስኒ መሃል ላይ ቀረ፣ ዓይኗ ወደ መኝታ ቤቷ፣ ወደ መሳቢያው ሄዶ ተመለሰ። ኤሌኒ እጇን አላወረደችም።